ፊትም ግድግዳም፦ ጎንደር ላይ ስሞክረው የቆየሁት

ፎቶ አንሺ ነኝ፣ "ፖርትሬትም ትወዳለህ አብስትራክትም ትወዳለህ፣ ኧረ አንዱን ያዝ" የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ፣ እስካሁን ስቄ ነበር የማልፈው፣ አሁን ግን እስኪ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ፣ ምናልባት እንደኔ ሁለቱ መሀል የሚዋልል ካለ ይጠቅመዋል። ፖርትሬት የሰው ፊት ፎቶ ነው፣ አብስትራክት ደሞ የምን ፎቶ እንደሆነ ሳይታወቅ ቅርጹና ቀለሙ ብቻ የሚያወራበት፣ ለኔ ግን ሁለቱ አንድ ትምህርት ናቸው። ብርሃን ከየት መጥቶ የት እንደሚያልቅ ማየት የለመድኩት ግድግዳ ላይ ነው፣ ፊት ላይ ያየሁት ከዛ በኋላ ነው። ግን ደሞ ግድግዳ የሚፈቅድልህን ሁሉ ፊት አይፈቅድልህም፣ ዋናው ወሬዬ እሱ ነው።

እንጀራዬ ሰርግና ምርቃት ነው። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከኋላ ፋሲል ግንብ፣ ከፊት ሙሽሮች፣ የቬሎው ጫፍ እንዳይቆረጥ፣ የግንቡም ጫፍ እንዳይቆረጥ፣ ሰዎቹ መሀል ላይ የአውራ ጣት ያህል ሆነው ይቀራሉ። አልማረርም፣ ካሜራውን የገዛልኝ ይሄው ስራ ነው፣ ግን ብርሃኑን የሚመርጠው ፕሮግራሙ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ከፋሲካ በኋላ ያለው የሚያዝያ ሰርግ ደሞ ይብሳል። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ፀሐይ ጎንደር ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ነው የምትቆመው፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ የራስህን ጥላ ብትፈልገው እግርህ ስር ነው የምታገኘው፣ ቅንድብ ዓይን ላይ ያጠላል አፍንጫ ከንፈር ላይ ያጠላል ሙሽሪት ሳምንት ሙሉ ያልተኛች ትመስላለች። እዛ ላይ ያለህ መላ ዛፍ ስር ወይ ቅስት በር ስር ማስገባት ነው፣ ሌላ የለም።

ግድግዳ የጀመርኩት የሚነሳ ሰው ስላጣሁ ነው። ሰውን "ና ላንሳህ" ስትለው ስንት ነው ይላል፣ ነጻ ነው ስትለው ደሞ ይጠረጥርሃል። ፒያሳ ላይ ጣሊያን ጊዜ የተሰሩት ህንጻዎች አሉ አይደል፣ አንዳንዱ ጋ ቀለሙ ተልጦ ከስሩ ሌላ ቀለም፣ ከዛ ስር ልስን፣ ከዛ ላይ ደሞ ተቀዶ ሙጫው ብቻ የቀረ የማስታወቂያ ወረቀት። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ምንም የለውም፣ የቆሸሸ ግድግዳ ነው። ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ወርዳ በጎን ስትልሰው ግን የተላጠው ቀለም ጠርዝ ሁሉ የራሱን ጥላ ያወጣል፣ ጣት የማይሞላ ነገር ተራራና ሸለቆ ይሆናል። አሮን ሲስኪንድ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነበር፣ በፊት የኒውዮርክን የሃርለም ሰፈር ኑሮ ነበር የሚያነሳው፣ በፈረንጅ 1940ዎቹ ላይ ወደ ተላጠ ቀለምና ወደ ተቀደደ ወረቀት ዞረ፣ ሰዓሊ ጓደኞቹ ሸራ ላይ የሚፈልጉትን እሱ ግድግዳ ላይ አገኘው። ከሱ ስራ የያዝኩት ነገር ፍሬሙ ውስጥ ሰማይ የለም፣ መሬት የለም፣ መጠኑን የሚናገርብህ ነገር የለም። ስለዚ ካሜራውን ከግድግዳው ጋ ትይዩ አድርጌ እይዛለሁ፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) ኤፍ 8 አካባቢ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ጥርት እንዲል፣ ሚስማር ወይ ሽቦ ወይ የመብራት ቆጣሪ ጥጉ ላይ ከገባ ፎቶው ወደቀ፣ ምክንያቱም ዓይን ቆጣሪውን ሲያይ "አሃ ግድግዳ ነው" ይልና ማየቱን ያቆማል።

አላፊ አግዳሚው ግን አያስቀምጥህም። "ምን ጠፍቶብህ ነው?" "ሊያፈርሱት ነው እንዴ?" አንዲት እናት ቆመው አይተው አይተው "አይ ልጄ፣ የሚነሳ ሰው አጣህ?" ብለው አዝነውልኝ ሄዱ።

ጥምቀተ ባሕሩ ጋ አጥሩን የጨበጠው የዛፍ ሥርም ጥሩ ቦታ ነው፣ ግን እሱን ሁሉም ቱሪስት ያነሳዋል፣ ሥርና ድንጋይ አንድ ላይ ካሳየህ ፖስትካርድ ነው የሚሆነው። እኔ ጠጋ ብዬ ሥሩ ብቻ ፍሬሙን የሚሞላበትን ነው የምፈልገው፣ ጥቁርና ነጭ አድርጌ። ለጥምቀት ደሞ ጥር 11 ገና ጎህ ሲቀድ ሹተሩን ሩብ ሰከንድ ክፍት አድርጌ ካሜራውን ከሰዉ ጋ እያንቀሳቀስኩ ሞክሬያለሁ፣ ነጠላው ይፈስሳል፣ የካህናቱ ጃንጥላ ቀለሙ ብቻ ይቀራል። ረፈድ ካለ በኋላ ብርሃኑ ለሩብ ሰከንድ ስለሚበዛ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) የሌለው አይልፋ። እዚጋ አንድ ነገር ልናገር፣ ማደብዘዝ ብቻውን አብስትራክት አይደለም። ካነሳኋቸው ብዙዎቹ የደበዘዘ የጥምቀት ፎቶ ናቸው በቃ። የሚሰራው አንድ ጥርት ያለ ነገር፣ አንድ መስመር፣ ዓይን የሚያርፍበት ሲኖረው ነው። አብስትራክት የፈረንጅ ነገር ነው ለምትሉኝ ደሞ፣ አብስትራክት ይስል የነበረው ሰዓሊ ገብረክርስቶስ ደስታ ሐረር የተወለደ ሰው ነው፣ ደሞስ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ምንድነው ታዲያ? የምን ስዕል ነው?

እሺ ወደ ፊት ልምጣ። ሰፈራችን ጥጥ የሚፈትሉ አንዲት እናት አሉ፣ ልጅ ሆኜ ጀምሮ የሚያውቁኝ ናቸው፣ እናቴ ለምናልኝ ፈቀዱ። ቤታቸው አንድ በር ነው ያለው፣ መስኮቱ ትንሽ ነው። ያ በር ከማንኛውም ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ የስቱዲዮ መብራት ሳጥን) ይሻላል። ደጅ ካስቀመጥካቸው ብርሃኑ ከሁሉም በኩል ይመጣና ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ውስጥ ድረስ ካስገባሃቸው ይጨልማል፣ ከበሩ አንድ እርምጃ ገባ ብለው በርጩማቸው ላይ ሲቀመጡ ግን ብርሃኑ ከጎን ለስለስ ብሎ ይመጣል፣ ከኋላቸው ያለው ጭቃ ግድግዳ ሳልነካው ይጨልምልኛል። ዓይናቸው ውስጥ በሩ ትንሽ ነጭ ሆኖ ይታያል። በጨለመው በኩል የልጅ ልጃቸው ጋቢ ዘርግቶ ይዞልኛል፣ ብርሃን የሚመልሰውን ሪፍሌክተር መግዛት የለባችሁም እያልኩ ነው፣ ጋቢ ያው ነጭ ነው።

ኤክስፖዠሩ፣ ማለት የሚገባው ብርሃን መጠን፣ ግን ይፈትናል። ነጠላው ነጭ፣ ፊታቸው ጠይም፣ ጀርባው ጥቁር። ካሜራው ነጩን ሲያይ ሁሉን ያጨልመዋል፣ ጥቁሩን ሲያይ ሁሉን ያፈካዋል፣ ዓላማው አማካይ ግራጫ ነውና። እኔ ስፖት ሚተሪንግ (አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ብርሃን መለካት) ጉንጫቸው ላይ አደርግና ከዛ ላይ አንድ ስቶፕ ገደማ፣ ማለት ብርሃኑን በግማሽ፣ እቀንሳለሁ፣ ያኔ ፊታቸው የራሳቸውን መልክ ይይዛል። ጠይም ሰው አፍክቶ "አሳመርኩት" የሚል ኤዲተር እዚህ ከተማ ሞልቷል፣ አልወድም። ነጠላው በብርሃኑ በኩል ክሩ እስኪጠፋ እንዳይነጣ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) አያለሁ፣ ሮው (ጥሬ ፋይል) ስለማነሳ ትንሹን እመልሰዋለሁ። ሌንሴ ያው ርካሹ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ነው፣ ክሮፕ ሴንሰር (አነስ ያለ ሴንሰር) ላይ እንደ 75 ወይ 80 ስለሚሆን ለፊት ይመቻል። በስልክ የምታነሱ ልጆች ጠጋ አትበሉ፣ ራቅ ብላችሁ በኋላ ቁረጡት፣ አፍንጫውን የሚያተልቀው ቅርበቱ ነው።

አሁን ወደ ንቅሳቱ። እማማ አንገታቸው ላይ ዙሪያውን የተነቀሱት አለ፣ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ድርድር መስመር ሆኖ መሀል መሀሉ ላይ ነጠብጣብ። "ንቅሳቴ ይታያል ወይ?" አሉኝ ገና ሳልጀምር፣ ለሳቸው ዋናው እሱ ነው። እኔ ደሞ ከግድግዳው የተማርኩትን ይዤ "እማማ ፊትዎን ወደ ውስጥ ትንሽ ያዙሩልኝ" ብዬ ብርሃኑን በጎን አመጣሁት። የቆዳቸው ሽብሽብ በሙሉ ወጣ፣ ግሩም ነው፣ ንቅሳቱ ግን የለም! ሽብሽቡ ጥላ ውስጥ ገብቶ ዋጠው። ቆም ብዬ ሳስበው ልክ ነው፣ የጎን ብርሃን የሚያወጣው ወጣ ገባውን ነው፣ ንቅሳት ደሞ ወጣ ገባ የለውም፣ ቆዳ ውስጥ የገባ ቀለም ነው። ቀለምን የሚያወጣው ከፊት የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን ነው። ስለዚ ወደ በሩ መለስ አሉልኝ፣ ጋቢውም ቀረብ አለ፣ ሽብሽቡ ለዘብ ሲል መስመሮቹ አንድ በአንድ ታዩ፣ ድሮ ቀጥ ብለው የተነቀሱት አሁን ቆዳው አብሮ ስለታጠፈ ማዕበል ሆነዋል። እዛ መሀል ያለውን መጠን አሁንም እየፈለግኩት ነው፣ ሽብሽቡም ንቅሳቱም እኩል የሚናገሩበት። ግድግዳ ላይ ይሄ ጥያቄ ራሱ አይመጣም።

ከዛ ያው አመሌ ነው፣ አንገታቸውን ብቻ ቆርጬ አየሁት። መስመር፣ ነጠብጣብ፣ እጥፋት፣ ሰው መሆኑ እንኳ ወዲያው አይታወቅም፣ እውነቱን ለመናገር ካነሳሁት አብስትራክት ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። አጠገባቸው አስጠግተው አዩ፣ አራቁት፣ "ይሄ ማነው?" አሉ። እርስዎ ነዎት ስላቸው "አንገቴን ብቻ ምን ልትሰራበት ነው? ራስ የለኝም እንዴ?" የልጅ ልጃቸው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ ግን ነገሩ አብሮኝ ሄደ። ግድግዳው "ይሄ ማነው" አይልህም። ፊት ባለቤት አለው፣ ባለቤቱ ራሱን ካላገኘበት ያንተ ጎበዝነት ለሱ ምኑም አይደለም። አሁን የያዝኩት ደንብ ይሄ ነው፣ የተነሳው ሰው ራሱን የሚያውቅበት አንድ ፎቶ ታትሞ እጁ ይገባል፣ ቆርጬ አብስትራክት ያደረግኩትን የማወጣው "አውጣው" ካለኝ ብቻ ነው። የአንገቱ ፎቶ ያምራል ብትሉኝም አታዩትም፣ እማማ አልፈቀዱም።

ይሄ ነገር እኛ ጋ የቆየ ነው መሰለኝ። አንድ ሽማግሌ ፕሮፋይል ላነሳቸው ጎን ቆሜ ሳነጣጥር "ባንድ ዓይን አታስቀረኝ፣ ይሁዳ አይደለሁም" አሉኝ። በቤተክርስቲያን ስዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳለው፣ ክፉው ነው በጎን ባንድ ዓይን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና በሉ፣ ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ሁለት ነው። ስለዚ እኔም ፕሮፋይሉን ትቼ ዘወር ያለ ፊት አደረግኩት፣ የወዲያኛው ዓይን ሙሉ እንዲታይ፣ አፍንጫው ዓይኑን እንዳይቆርጠው፣ ከዓይኑ ወዲያ ትንሽ ቆዳ እንዲተርፍ። በነገራችን ላይ የፊት ጥላ ማየት የሚፈልግ የጎንደርን የሁለቱን ዘመን አሳሳል ያወዳድር፣ የቀደመው ደማቅና ጠፍጣፋ ነው፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን አካባቢ ያለው የኋለኛው ግን ጉንጭና አንገት ላይ ጥላ እየገባ ፊቱ ድቡልቡል ይላል። ከብዙ የዩቲዩብ ትምህርት ይሻላል።

ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህስ፣ ፊት ቀለም ቀብታ አይደል ወይ የምታነሳው የሚል አይጠፋም። አዎ፣ በጣምም እወድላታለሁ፣ ግን እሷ ጋ የምትቆመው ሞዴል ገጸ ባህሪ ልትሆን ተስማምታ ነው። የኔዎቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ነገ ቡና ላይ እንገናኛለን።

ህትመት ላይ ደሞ አንድ ነገር፣ ስልክ ላይ ያማረ ጥቁር ጀርባ ወረቀት ላይ ዝፍት ይሆናል፣ የኔ ስክሪን በጣም ስለሚፈካ መሆኑን ከደረስኩበት በኋላ ብራይትነሱን ቀንሼ ነው ኤዲት የማደርገው፣ መጀመሪያም አንድ ትንሽ ሳይዝ አሳትሜ አያለሁ።

ክረምት ሲገባ የጎን ፀሐይ አይኖርም፣ ደመናው ራሱ ትልቅ ሶፍትቦክስ ስለሆነ ለንቅሳት የሚመች ጊዜ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ሌሎች የተነቀሱ እናቶችንም ጠይቄ ሁለቱ እሺ ብለውኛል። እስከዛ ድረስ ማክሮ ሌንስ (በጣም ተጠግቶ የሚያነሳ) ሳይገዛ በኤክስቴንሽን ቲዩብ (ካሜራውና ሌንሱ መሀል የሚገባ ባዶ ቱቦ) የሰራ ካለ፣ 50ው ላይ ስትገጥሙት አውቶፎከሱ ይሰራል ወይስ በእጅ ነው? ያያችሁትን ጻፉልኝ፣ እቃውን ከአዲስ አበባ የሚያመጣልኝ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚመጣው።