ፊደል ማስጻፍ፦ ነጠብጣቡን እየቀነስን ነው

ባለፈው ልጄን ፊደል ማስጻፍ እንደጀመርኩ ነግሬያችሁ ነበር። አሁን ያለንበትን ላካፍላችሁ። ልጄ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። የእህቴ ልጅም ከኬጂ መልስ እኛ ጋ ስለሚቆይ አብረው ይለማመዳሉ።

ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እሱ ለማንበብ ነው። የመጻፊያውን ወረቀት ግን ራሴ በነጠብጣብ ሠርቼ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ አስደርጋለሁ። ገበታው ከሀ ይጀምራል፤ ፊደል ለመቁጠር ጥሩ ነው። ለእጅ ግን መልካቸው የሚቀራረበውን አንድ ላይ ማስኬድ ይቀላል። በን የቻለ ልጅ ሰ ብዙም አይከብደውም። ሰ አናቱ ላይ ሰረዝ ሲጨመርበት ሸ ነው። ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘም እንዲሁ። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው። ልጅ ሁሉንም እንደ አዲስ ካየው ይሰለቻል።

ነጠብጣብ ብቻውን አያስተምርም። ልጅ ከታች ወደ ላይም ሊያገናኘው ይችላል። ወረቀቱ ላይ ልክ ይመስላል፤ እጁ ግን የማይሆን መንገድ ይለምዳል። ስለዚህ መነሻው ላይ ቀይ ነጥብ አደርጋለሁ። በአንድ መስመር ላይ የመጀመሪያው ፊደል ሙሉ ነጠብጣብ አለው። ቀጥሎ ያለው ሳሳ ይላል። ከዚያ ቀይዋ ነጥብ ብቻ ትቀራለች፣ መጨረሻው ባዶ ነው። መጻፍ መቻላቸውን የማየው ባዶው ላይ ነው።

አንዳንድ ቦታ አንድ ገጽ ሙሉ ሀ የቤት ሥራ ይሰጣል። እኔ አልስማማበትም። ልጅ ከደከመው በኋላ እያየ አይጽፍም፣ ለመጨረስ ብቻ ነው የሚሮጠው። ሁለት መስመር በደንብ ከተጻፈ ይበቃል።

እርሳሱን አጭር አድርጌ ነው የምሰጣቸው። አጭር እርሳስ በጡጫ ለመያዝ አይመችም፤ ሦስቱ ጣቶች ራሳቸው ይሰበሰባሉ።

በጣም ያስቸገረን ባ እና ቦ ነው። ቡ፣ ቢ እና ቤ ቀላል ነበሩ። ለቡ ወገቡ ላይ በቀኝ በኩል አጭር መስመር ትወጣለች፤ ለቢ እግሩ ሥር ትወርዳለች፤ ለቤ እዚያው ቀለበት ትሆናለች። ባ ግን በቀኝ እግሩ ይቆማል፣ ቦ በግራው። በዚህ ዕድሜ ግራና ቀኝ ገና በደንብ አልተለየም፤ ስለዚህ ቢገለባበጥባቸው አይገርምም። ሳ እና ሶ፣ ካ እና ኮም ያው ናቸው። ቀኝ እጃቸው ላይ ክር አሰርኩላቸው። ሲጽፉ ጮክ ብለው «ባ በክሩ በኩል ቆመ» ይላሉ። ረጅሙን እግር አስቀድመው ያወርዳሉ፣ ከዚያ አጭሩን። ይሄ በጣም ረድቶናል፣ ሞክሩት።

አሁን በ፣ ሰ እና ከን እስከ ኃምስ ያለ ነጠብጣብ ይጽፋሉ። ሳድስ ላይ ደርሰናል። ብ፣ ስ፣ ክ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መልክ ስላላቸው አንድ በአንድ መሄድ ግድ ነው። ሁለቱም ስማቸውን ለመጻፍ ቸኩለዋል። ስለዚህ በስማቸው ውስጥ ካሉት ሳድሶች ጀምረናል፣ ሌላው ይደርሳል። እናንተስ ሳድስን በምን ቅደም ተከተል አስኬዳችሁት? ንገሩኝ።