ቁጥር 22 ላይ አትቁሙ

የሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጋጩ ለሽምግልና መጠራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ሁሌ የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። ከመሃላችን አንዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ሚስቶች ሆይ፥ ለባሎቻችሁ ተገዙ» ይላል። ኤፌሶን 5፥22 መጥቀሱ ነው። እዚያው ያቆማል። ሴትየዋ አንገቷን ትደፋለች፣ ባልየው ደረቱን ይነፋል፣ ቡና ይቀርባል።

ሦስት ቁጥር ዝቅ ቢል ምን ነበረበት? «ባሎች ሆይ፥ ክርስቶስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳት ሚስቶቻችሁን ውደዱ» ይላል። እንዴት ወደዳት? ራሱን አሳልፎ ሰጥቶላት። እንግዲህ ከባዱ ሸክም የማን ነው?

ጴጥሮስ ደግሞ ይብሳል። በመጀመሪያ መልእክቱ 3፥7 ላይ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ይነግርና ምክንያቱን ያስከትላል፦ «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል»። የኪዳን ጸሎት የማያልፋቸው፣ ቤታቸው ግን የሚፈራቸው አባወራዎች አውቃለሁ። ይህን ጥቅስ ለእነሱ የሚያነብላቸው አላየሁም። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለውን ተረት ግን ሁሉም በቃሉ ይዞታል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። ከ14ቱ ቅዳሴያችን አንዱ በስሙ ነው፤ ትምህርቱን ግን ስንቶቻችን ሰማን? የቆሮንቶስን መልእክት ሲያስተምር ሚስቱን የሚመታ ባል ላይ ይመጣል። የሴቲቱ ጩኸት በየመንደሩ ይሰማል፣ ጎረቤቱም መንገደኛውም አውሬ የገባ ይመስል ወደዚያ ቤት ይሮጣል ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው አደባባይ ከሚታይ መሬት ብትውጠው ይሻለው ነበር ይላል። ይህን ያለው ከ1,600 ዓመት በፊት ነው። የኛ ሰፈር ሰው እንኳን ሊሮጥ፣ «የባልና የሚስት ነገር ነው» ብሎ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል።

በነገራችን ላይ፣ ዱላ ካለበት እኔ አልሸመግልም። ለዚያ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 አለ። ተመትታ የደማችን ሴት «ታገሺ» ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ ማስታረቅ አይደለም።

ንግግር የከረረበት ጠብ ሲሆን ግን መጽሐፉን ለባልየው እሰጠዋለሁ። ጮክ ብሎ እስከ ቁጥር 29 ያነባል፤ «ይመግበዋል ይከባከበውማል» እስከሚለው ድረስ። ባለፈው አንዱ ጎረምሳ ገና መጽሐፉን ሳይገልጥ «እሺ፣ እሷ ብትሰድበኝስ?» አለኝ። ምንም ብታጠፋ እጅህን እንድታነሳባት አፈወርቅ አይፈቅድልህም አልኩት።

«እሱ መነኩሴ ነው፤ ሚስት መች አገባና ነው!»

የንስሐ አባቱ አጠገባችን ተቀምጠዋል። እሳቸውም መነኩሴ ናቸው። ቆባቸውን አስተካከሉና «አንብብ፣ ልጄ» አሉት።