ባይፖላርን ይዞ መሰደድ፦ ሚኒሶታ ላይ እንዴት እንደጸናሁ

«ስደቱ ነው ያሳመማት» ይላሉ ዘመዶቼ። በፍቅር የሚሉት ስለሆነ ለረጅም ጊዜ አልተከራከርኩም። ሆኖም ሕመሙ የጀመረኝ አዲስ አበባ ውስጥ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። እንቅልፍ ሳያምረኝ ሌሊቱን ሙሉ የምጽፍበት፣ ሐሳቤ አንደበቴን የሚቀድምበት ወቅት መጣ። ቀጥሎ ከአልጋ መነሣት ያቃተኝ ድብርት ተከተለ። ሐኪሙ ባይፖላር፣ ማለትም ከልክ ያለፈ መነቃቃት (ማኒያ) እና ድብርት የሚፈራረቁበት የስሜት ሕመም፣ መሆኑን ነገረኝ፤ ሶዲየም ቫልፕሮኤት የተባለውን ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ጀመርኩ፤ ትምህርቴንም ጨረስኩ። ዲቪ ደርሶኝ ወደ አሜሪካ ስሄድ ሕመሙም መድኃኒቱም አብረውኝ ተሳፈሩ።

ስለ ሕመሙ የተሠሩ ጥናቶችን ሳነብ የዘመዶቼ አባባል ከየት እንደመጣ ገባኝ። በቡታጅራና አካባቢው ከ68,000 በላይ ሰዎች በተጠየቁበት ጥናት ባይፖላር ከወንዶች 0.6 በመቶ፣ ከሴቶች 0.3 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል። እነዚህ በአብዛኛው ከቀያቸው ያልራቁ የገጠር ሰዎች ናቸው። ሕመሙ በአማካይ የጀመራቸውም በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነው። ከእኛ መካከል ብዙው ሰው የሚሰደደው በዚያው ዕድሜ ነው! ሁለቱ ሲገጣጠሙ ጥፋቱ ሁሉ በስደት ላይ ይወድቃል።

የምኖርበት የአሜሪካ ግዛት ሚኒሶታ «ስደት ያሳምማል ወይ?» በሚለው ጥያቄ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። ኖርዌያዊው ሐኪም ኦርኑልቭ ኦዴጎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ያሳተመው ጥናት የተሠራው እዚህ በሰፈሩ የኖርዌይ ስደተኞች ላይ ነበር። ከፍ ብሎ ያገኘው ግን ባይፖላርን ሳይሆን ስኪዞፍሬንያን፣ ማለትም ከእውነታ የሚያርቀውን ሌላ የአእምሮ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የብዙ ጥናቶች ውጤት በአንድነት ሲመረመር ስደት የስሜት ሕመሞችን በእጅጉ ያበዛል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም። በባይፖላር ላይ የታየው ከፍተኛ ቁጥር በብሪታንያ የሚኖሩ የካሪቢያን ተወላጆች ከስሌቱ ሲወጡ አስተማማኝነቱን አጥቷል። ይህን ማወቄ ትልቅ ሸክም አራገፈልኝ። መሰደዴን እየረገምኩ መኖር አላስፈለገኝም።

ስደት የወሰደብኝ ሕመሙን ይዘውልኝ የነበሩትን ነገሮች ነው። ቋሚ የመኝታ ሰዓቴን፣ ፊቴን አይታ «ዛሬ ምን ሆነሻል ልጄ?» የምትለኝን እናቴን፣ ታሪኬን የሚያውቀውን ሐኪም አጣሁ። የደረስኩት በኅዳር፣ ቀኑ አጥሮ ብርዱ ሲበረታ ነው። ይዤው የሄድኩት መድኃኒት አለቀ፤ የጤና ኢንሹራንሴ ገና አልተጀመረም ነበር። ድብርቱ ሲመጣ አንድ ክሊኒክ የድብርት መድኃኒት ብቻ ጻፈልኝ። ያለፈውን ታሪኬን የጠየቀኝ አልነበረም። ባይፖላር ላለበት ሰው የድብርት መድኃኒት ለብቻው ሲሰጥ ወደ ማኒያ ሊገፋ ይችላል። በዚያ ላይ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ፈረቃ ጀመርኩ። እንቅልፍ ማጣት ማኒያን ከሚቀሰቅሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው።

ሆስፒታል ስገባ መጀመሪያ የጻፉብኝ ስኪዞፍሬንያ የሚል ነበር። በአሜሪካ ባይፖላር ያለባቸው ጥቁር ሕሙማን በተደጋጋሚ በዚህ ስም እንደሚመዘገቡ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በእኔም ደረሰ። ያዳነኝ ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ የላከችው የቆየ የሕክምና ወረቀት ነው። ሐኪሞቹ ሁለቱን የስሜት ዑደቶች ከነቀናቸው ሲያዩ ምርመራውን አስተካከሉ። ስለዚህ የአእምሮ ሕመም ይዞ የሚጓዝን ሁሉ አጥብቄ የምለምነው፣ ከሻንጣው በፊት ይህን ወረቀት እንዲያዘጋጅ ነው። የሕመሙ ስም፣ የተወሰዱት መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ የትኛው እንደሠራና የትኛው እንዳልተስማማ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በሐኪም ተፈርሞ ይያዝ። ቋንቋው የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ ከሚቀበል ሆስፒታል ነፃ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። ልጆቹን አስተርጓሚ አያድርጋቸው።

ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ፅንሱን ክፉኛ ስለሚጎዳና ልጅ መውለድ ስለምፈልግ አዲሷ ሐኪሜ ሊትየም ወደተባለ ሌላ ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ለወጠችልኝ። ሊትየም በደም ምርመራ መጠኑን፣ ኩላሊትንና ታይሮይድን መከታተል ይፈልጋል። ውኃና ጨው ሲያንስ በደም ውስጥ ይከማቻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጦሙን ለሚውል ጿሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ውኃውንም መድኃኒቱንም በሰዓቱ እንድወስድ አዘዙኝ፤ ጸበሉንም አልከለከሉኝም። ለወገብ ሕመም እንደ ከረሜላ የሚታደለው አይቡፕሮፌንም የሊትየምን መጠን ከፍ ስለሚያደርግ ተውኩት። ይህን ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል የሚያውቅ አልነበረም፤ ብዙዎቻችን ደግሞ ከባድ እያነሳን የምንኖር ሰዎች ነን።

ከሁሉም የከበደኝ ገንዘብ ነው። በማኒያ ወቅት ገንዘብ መበተን የታወቀ ምልክት ነው። የእኛ ሰው ግን ሁልጊዜ በገበያ አይበትነውም፤ ወደ አገር ቤት ይልከዋል። የአክስቴን ልጅ ሰርግ እኔ እደግሳለሁ አልኩ። ለዕድራችን አዲስ ድንኳን ቃል ገባሁ። ቤት ለማስጀመር ተበደርኩ። ከወዲያ የሚመጣልኝ ምርቃት ብቻ ነበር። ልግስናን ሕመም ብሎ ማን ይጠረጥራል? ፈጣን ንግግሬና ሳቄ በስልክ ሲሰማ «አሜሪካ ተስማማት» ያሰኛል። ድብርቱ ሲመጣ ደግሞ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ስልኩን መዝጋት ይበቃል። ርቀት ሁለቱንም የሕመሙን ፊቶች ይሸፍናል።

ደህና በሆንኩበት ጊዜ ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ተስማማን። በሚኒሶታ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የምልከው የድምፅ መልእክት አዲስ አበባ የሚደርሰው ወደ እኩለ ቀን ገደማ ስለሆነ ማንንም አያስደነግጥም ነበር። አሁን እህቴ በስልኳ ላይ የሚኒሶታን ሰዓት አስቀምጣለች። በሌሊት ከጻፍኩላት «ለምን አልተኛሽም?» ትለኛለች። ሁለት ሌሊት ከተደጋገመ ለሐኪሜ እንድደውል ታስገድደኛለች፤ ይህን ሥልጣን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከወርሃዊው በላይ መላክ ስፈልግም አስቀድሜ ለእርሷ ነግሬ እንቅልፍ አድሬበት ነው።

የሌሊቱን ፈረቃ ያስቀየርኩት በሐኪሜ ደብዳቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የአእምሮ ሕመምንም ስለሚያካትት አሠሪ ተገቢ ማስተካከያ እንዲያደርግ መጠየቅ ይቻላል። የሕመሜን ዝርዝር ለሥራ ጓደኞቼ መንገር አላስፈለገኝም። የክፍያው ልዩነት ጎድቶኛል፤ እንቅልፌ ግን ተመልሷል።

ለጉብኝት ወደ አዲስ አበባ ስሄድም በዕቅድ ነው። በለንደን ሂትሮው አየር ማረፊያ የታመሙ መንገደኞችን ያጠና፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት ወደ ምዕራብ በበረሩት ላይ ድብርት፣ ወደ ምሥራቅ በበረሩት ላይ የማኒያ ዓይነት ምልክት አመዝኖ አግኝቷል። እኔም ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የምበረው ወደ ምሥራቅ ነው። ከመብረሬ በፊት ከሐኪሜ ጋር የመኝታ ሰዓቴን በጥቂት በጥቂቱ እናስተካክላለን፤ ሊትየሙን በእጅ ሻንጣዬ እይዛለሁ። ቤተሰቤም በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች እንግዳ እንዳይጠራ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላም እንዳያስመሸኝ አስቀድሞ ተነግሮታል። እናቴ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏት ነበር። አሁን ጎረቤቶቹን ቀን ቀን የምትጠራቸው እርሷ ናት።