በሌላ ስም የተመዘገበው ስም

ዛሬ ጠዋትም እንደ ሰሞኑ ልማዴ ኮምፒውተሬን ከፍቼ በቅድሚያ የተመለከትኩት የአንድን ዶሜይን፣ ማለትም የአንድን የኢንተርኔት አድራሻ ስም፣ የምዝገባ መረጃ ነው። እስከ ትናንት «ሪደምፕሽን ፒሪየድ» (የማስመለሻ ጊዜ) ይል የነበረው የሁኔታ መግለጫ ዛሬ «ፔንዲንግ ዴሊት» (መሰረዝን የሚጠብቅ) ሆኗል። ትርጉሙን ስለማውቀው ለተወሰነ ጊዜ ከወንበሬ ሳልነሳ ቆየሁ፤ ከዚያም የእነዚህን ወራት ጉዳይ ከአእምሮዬ ሳይደበዝዝ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ።

የማስተዳድራቸው ሦስት ስሞች ነበሩ፤ ሦስቱም በዶት ኮም የሚያበቁ ናቸው። አንደኛው የራሴን ጽሑፎች የማወጣበት ሲሆን በሁለተኛው የቤተሰባችን ኢሜይል ይሠራበታል። ሦስተኛው በሞት የተለየኝ ጓደኛዬ ይጽፍበት የነበረና ከእርሱ በኋላ በአደራ የያዝኩት ነው። ሁሉንም ያስቀመጥኩት በአንድ አነስተኛ የሆስቲንግ ድርጅት ዘንድ ነበር፤ የሰርቨሩን ቦታም ስሙንም ከአንድ እጅ ማግኘት ሥራዬን ያቀልልኛል ብዬ ነበር፤ ለዓመታትም አቅልሎልኝ ነበር።

የድርጅቱን ዝምታ ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያው የእርዳታ ጥያቄዬ መልስ ሳያገኝ ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል አልኩ፤ ሦስተኛው ሲያልፍ ስልክ ደወልኩ፤ የሚያነሳ አልነበረም። ድረ ገጾቹ ግን ምንም እንዳልሆነ ይከፈቱ ነበር። ያዘናጋኝም ይኸው ነው፤ ሰርቨር የሚያስተዳድረው ሰው ባይኖርም ኪራዩና ኤሌክትሪኩ እስካልተቋረጠ ድረስ መሥራቱን አያቆምምና የድርጅቱን መኖር በገጾቹ መከፈት ስለካ ቆይቼ ነበር። ከእንቅልፌ ያነቃኝ የስሞቹ ምዝገባ ማብቂያ ቀን ነው። ለሁለቱ ስሞች 41 ቀን፣ ለጓደኛዬ ስም ደግሞ 19 ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር።

ለማንም ከመጻፌ በፊት ያለውን ሁሉ ቀዳሁ፤ ፋይሎቹን፣ ዳታቤዙን፣ የኢሜይል ሳጥኖቹን፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ስም ወደየት እንደሚመራ የሚናገሩትን የዲኤንኤስ መዝገቦች። የመጨረሻዎቹን ብዙ ሰው ይረሳቸዋል፤ እነርሱ ከሌሉ ግን ስሙ ቢመለስም ኢሜይሉ የሚደርስበትን አያውቅም።

ከዚያ ወደ ምዝገባው መረጃ ሄድኩ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ወዲህ ሁኢዝ የተባለውን የቀድሞ የምዝገባ መረጃ መፈለጊያ የተካው አርዳፕ የሚባለው አሠራር ነው፤ በእርሱ ስፈልግ መዝጋቢ ተብሎ የተጻፈው የእኔ ድርጅት ሳይሆን ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ሌላ ኩባንያ ሆኖ አገኘሁት። ከላይ የዶት ኮምን መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን ነው፤ ከሥሩ የኢንተርኔት ስሞችን ሥርዓት በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን ዕውቅና የሰጣቸው መዝጋቢዎች አሉ፤ ለዓመታት ገንዘብ ስከፍለው የኖርኩት ድርጅት ደግሞ ከአንዱ መዝጋቢ ተቀብሎ የሚሸጥ ቸርቻሪ ብቻ ነበር። ከበሩ በስተጀርባ ሌላ በር መኖሩን ማወቄ ትልቅ እፎይታ ሰጠኝ። የተመዝጋቢው ማንነት ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ምክንያት በአብዛኛው ስለሚሸፈን በማን ስም እንደተጻፉ ከመዝገቡ ማየት አልቻልኩም። የድሮ የማረጋገጫ ደብዳቤዎችን ፈልጌ ሁለቱ በእኔ ስም መሆናቸውን አረጋገጥኩ፤ የሦስተኛውን ደብዳቤ አላገኘሁትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሌሊት ያሳሰበኝ ነገር ገጠመኝ። ለሁለቱ ስሞች የተመዘገበው የኢሜይል አድራሻዬ ራሱ በቤተሰባችን ዶሜይን ላይ የሚሠራ ነበር። ስሙ ቢጠፋ አድራሻው ይጠፋል፤ አድራሻው ከጠፋ ደግሞ ስሙን ለማስመለስ የሚላከው ኮድ የሚደርስበት አይኖርም። የመጀመሪያ ሐሳቤ አድራሻውን ወዲያው ማስቀየር ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2016 ጀምሮ በሚሠራው ደንብ መሠረት የተመዝጋቢውን ስም ወይም ኢሜይል መቀየር ስሙን ወደ ሌላ መዝጋቢ እንዳይዛወር ለ60 ቀናት ሊያሳግደው ይችላል። እኔ ደግሞ 60 ቀን አልነበረኝም። ስለዚህ ሰርቨሩ በሕይወት ሳለ፣ ያ አሮጌ የኢሜይል ሳጥን ገና መልእክት እየተቀበለ ሳለ ማዛወሩን ማስቀደምና አድራሻውን ከዚያ በኋላ ማስተካከል ነበረብኝ። በማንኛውም ሰዓት ሊቆም በሚችል ማሽን ላይ ተስፋን መጣል ከባድ ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ለራሴ የሙከራ መልእክት እልክ ነበር።

መዝጋቢው ለመጀመሪያ ደብዳቤዬ የሰጠው መልስ «የገዙበትን ድርጅት ያነጋግሩ» የሚል ነበር። ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ማንነቴን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም፤ በየቀኑ የሌላውን ስም ለመስረቅ የሚጽፍላቸውም አይጠፋም። በሁለተኛው ደብዳቤ የክፍያ ደረሰኞቼን፣ የማረጋገጫ ደብዳቤዎቹንና መታወቂያዬን አያይዤ ቸርቻሪው ያልመለሰልኝን ጥያቄዎች ከነቀናቸው ዘረዘርኩ። የአይካን የማዛወር ደንብ ተመዝጋቢው የማዛወሪያ ኮድ በጠየቀ በ5 ቀናት ውስጥ ሊሰጠው እንደሚገባ፣ በክፍያ ላይ አለመግባባት መኖሩ ብቻውንም ኮዱን ለመከልከል ምክንያት እንደማይሆን በትሕትና ጠቀስኩ፤ ካልሆነ ለአይካን አቤቱታ እንደማቀርብም ገለጽኩ። በአራተኛው ቀን ሁለት ኮዶች በአሮጌው ሳጥን ውስጥ ገቡ፤ ስሞቹ ያለ ፈቃድ እንዳይዛወሩ የተደረገባቸው የተለመደ እገዳም ተነሣ።

ዝውውሩ ራሱ የፈራሁትን ያህል አልነበረም። አስቀድሜ ፋይሎቹንና የዲኤንኤስ መዝገቦቹን በአዲስ ቦታ አዘጋጅቼ ነበርና ገጾቹ ለአንድ ሰዓት እንኳ አልተቋረጡም። የሚለቀው መዝጋቢ ለመቃወም 5 ቀናት አሉት፤ በእነዚህ ቀናት ዝም ካለ እንደተስማማ ይቆጠራል። ለወራት ያስጨነቀኝ ዝምታ በዚህች አንዲት ቦታ ለእኔ ሠራልኝ። በስድስተኛው ቀን ሁለቱ ስሞች የአንድ ዓመት ዕድሜ ተጨምሮላቸው በአዲሱ መዝጋቢ ዘንድ ተገኙ።

ሦስተኛው አልተገኘም። መዝጋቢው ፋይሉን ተመልክቶ ተመዝጋቢው ጓደኛዬም እኔም ሳንሆን ራሱ የሆስቲንግ ድርጅቱ መሆኑን ነገረኝ። ምናልባት ያን ጊዜ ቅጹን የሞላው ሠራተኛ እንደ ልማዱ የድርጅቱን ስም ሞልቶት ይሆናል፤ ጓደኛዬም አላየውም። ገንዘቡን ከፍዬ ላድሰው ብልም ከመዝገቡ ውጭ ካለ ሰው እንደማይቀበሉ መለሱልኝ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለው የአይካን የስም ክርክር መፍቻ ሥርዓት የንግድ ምልክት መብትን ይጠይቃል፤ ጓደኛዬ ግን ነጋዴ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሬጅስተርፍላይ የተባለው መዝጋቢ ሲወድቅ አይካን ዕውቅናውን ነጥቆት ስሞቹ ጎዳዲ ወደተባለው ሌላ መዝጋቢ መዛወራቸውን፣ ከዚያ በኋላም መዝጋቢዎች የደንበኞቻቸውን መረጃ በሦስተኛ ወገን ዘንድ እንዲያስቀምጡ የሚያስገድደው አሠራር ሥራ ላይ መዋሉን አነበብኩ። መልካም ሥርዓት ነው፤ የሚጠብቀው ግን የተጻፈውን እንደተጻፈ ነው፤ በስህተት የተጻፈ ስም ቢሆን ስህተቱን ይጠብቃል።

የማብቂያ ቀኑ አለፈ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ገጹ ጨለመ። ለድርጅቱ በፖስታ ጭምር ጻፍኩ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ፊርማውን እንዲያኖርልኝ ለመንኩ። መልስ አልመጣም። ከዚያ የ30 ቀኑ የማስመለሻ ጊዜ ተቆጥሮ ትናንት አበቃ። ጽሑፎቹን ስለቀዳኋቸው አልጠፉም፤ ነገር ግን ሌሎች ሰዎች በጽሑፎቻቸው ውስጥ የጠቀሱት፣ ጓደኛዬም በእጁ በደብዳቤዎቹ ግርጌ ይጽፈው የነበረው አድራሻ ያ ነው።

አሁን የቀሩት 5 ቀናት ናቸው። በእነዚህ ቀናት መዝጋቢው ራሱ እንኳ ስሙን ማደስም ማስመለስም አይችልም፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ከመዝገቡ ተሰርዞ ቀድሞ ለጠየቀ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ልክ እንደተለቀቀ እንዲይዙልኝ በሁለት ቦታ ትእዛዝ አስገብቻለሁ። ከሰዓት በኋላ የጓደኛዬ እህት ደውላ «ወንድሜ ገጹ ላይ ይመለሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። አምስት ቀን እንድትታገሠኝ ነገርኳት፤ ከዚያም አዲሱን ሰርቨር ከፍቼ የጽሑፎቹን ማሕደር እንደገና ፈተሽኩ። ሁሉም በቦታው ነው፤ ተመዝጋቢ በሚለው መስመር ላይ የማስገባውን የእህቱን ሙሉ ስምም ፊደል በፊደል አስጠርቼ ጽፌ አስቀምጫለሁ።