ሳጥን ውስጥ እያሉ የተሰነጠቁት እስክሪብቶዎች

የምሠራው ከተተኮሰ የጥይት ቀለሃ የሚጠመዘዝ እስክሪብቶ የሚሠራበት ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው የሚመስለው፣ ቀለሃውን ትበሳዋለህ፣ ቱቦ ትከትለታለህ፣ ሪፊል ይገባል፣ አለቀ። ሰው እንደዛ ሲል ዝም ነው የምለው ምክንያቱም ማስረዳት ከጀመርኩ አላቆምም። ዛሬ ግን ስለ አንድ ትዕዛዝ ላወራ ነው፣ ወርክሾፑን ለብዙ ቀን እርስ በርስ ያናቆረ ትዕዛዝ።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀመው 7.62 በ51 የሚባለውን የጠመንጃ ቀለሃ ነው። ቁመቱ 51 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ቂጡ 12 ሚሊ፣ አንገቱ ከውጭ ሲለካ 9 ሚሊ እንኳን አይሞላም፣ የአንገቱ ውፍረት ደግሞ ግማሽ ሚሊ የማይደርስ ስስ ነገር ነው (ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች)። የእስክሪብቶው የታችኛው ግማሽ ቀለሃው ነው፣ የላይኛው እንጨት። አንገቱ ላይ አረር የምትመስል ሹል ጫፍ እንከታለን፣ እኛው ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ ከናስ የምናወጣት። ለምን እውነተኛውን አረር አትጠቀሙም የሚል ሰው አይጠፋም፣ የብዙ አረር ሆድ እርሳስ ነው እኮ፣ ሪፊል እንዲያልፍ መሃል ለመሃል ልብሳው ብትል የእርሳስ ብናኝ እጅህም ልብስህም ጠረጴዛህም ላይ ነው የሚቀረው። ጋሼ፣ አለቃችንን እንደዛ ነው የምንጠራው፣ በዚህ ነገር ድርድር አያውቅም።

ቀለሃ ሲመጣ ደግሞ ዝም ብሎ ማሽን አጠገብ አይደርስም። አንድ በአንድ ይታያል። ከኋላ መሃሉ ላይ ያለችው ፕራይመር፣ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ማለት ነው፣ በመርፌ ተመትታ ጎድጉዳለች ወይ? በአንገቱ በኩል ባትሪ ሲበራበት ውስጡ ባዶ ነው ወይ? ባሩድ የሌለው ባዶ ቀለሃ ራሱ ፕራይመሩ ካልተመታ ገና አልሞተም፣ ፑንታ (የመብሻው ጫፍ) ሲነካው ወይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። እንደዛ ዓይነት ከተገኘ አንነካካውም፣ ለብቻው ተቀምጦ በጥይት ሥራ የሠለጠነ ሰው እንዲወስደው ይደረጋል። ከዛ ማግኔት እናስጠጋበታለን፣ ከያዘው ብረት ነው፣ ከላይ ብቻ ናስ የመሰለ። ከዛ እጥበት፣ እሱም በውሃ ነው እንጂ በደረቁ አይፈገፈግም፣ የፕራይመር ጥላሸት ውስጥም ብዙ ጊዜ እርሳስ ስላለ ማለት ነው።

መብሳቱ ላይ አዲስ ልጅ ሁሉ የሚደነግጥበት ነገር አለ። ናስ ፑንታ ይጎትታል። ብረት ሲበሳ የኖረ ሰው እንደለመደው ሲጫን ፑንታው ንክስ ያደርግና ቀለሃውን ይዞት ይሽከረከራል፣ እጅህ እዛ ከነበረ አበቃ። ስለዚህ የፑንታውን ስለት በድንጋይ ትንሽ እናደንዘዋለን፣ እየፋቀ እንዲሄድ እንጂ ዘሎ እንዳይገባ። ሞርሳ ላይ እንዲሁ ካሰርከው ደግሞ ይጨፈለቃል፣ ተበስቶ ለሁለት የተሰነጠቀ እንጨት መሃል አስገብተህ ነው የምታስረው። የፕራይመሩ ቦታ 5.3 ሚሊ ገደማ ነው፣ እሱን ወደ 7 እናሰፋዋለን የእስክሪብቶው ቱቦ እንዲያልፍ። ቂጡ 12 ስለሆነ ዙሪያውን ያለው የፋብሪካ ጽሑፍ አይጠፋም። ሲገጣጠም እንጨቱ ስር ይደበቃል፣ የሚያውቅ ሰው ብቻ የላይኛውን ግማሽ ነቅሎ ያነበዋል። እኔ ከሁሉም እሱን ነው የምወደው።

የሚጠመዘዘው ክፍል ዝግጁ ሆኖ የሚመጣ ነው፣ ውስጡ ጠመዝማዛ መንገድ አለው፣ ስታዞረው ሪፊሉን ወደፊት ይገፋዋል መልሰህ ስታዞረው ይስበዋል። እሱን ቱቦው ውስጥ በፕሬስ ማስገባት የኔ ሥራ ነው። በጣም ከገባ የሪፊሉ ጫፍ ተመልሶ አይደበቅም፣ ካልገባ ደግሞ አይወጣም፣ ስለዚህ ትንሽ ትጫናለህ፣ ሪፊል አስገብተህ ታያለህ፣ እንደገና ትንሽ ትጫናለህ፣ ካለፈህ ደህና አድርጎ የሚመለስ ነገር አይደለም። ሹሏን ጫፍም አንገቱ ውስጥ የማስገባው እኔ ነኝ። ጋሼ ጫፏን ከአንገቱ ቀዳዳ አንድ አስረኛ ሚሊ ገደማ አስበልጦ ነው ቶርኖ ላይ የሚያወጣት፣ ያለ ሙጫ ጥብቅ ብላ እንድትቀር። ሙጫ ሰነፍ ሰው የሚጠቀመው ነው ይላል። እዚህ ጋ ሁሌም አንስማማም ግን አለቃ ነውና የሚለውን እናደርጋለን።

እሺ ወደ ትዕዛዙ። ጡረታ የወጡ አንድ አባት አብረዋቸው ላገለገሉ ጓደኞቻቸው ስጦታ ፈልገው ለዓመታት ያስቀመጡትን ቀለሃ በቦርሳ ይዘው መጡ። ላከር አትቀቡብኝ አሉ፣ ናሱ በእጅ እየተያዘ እንዲጠቁር ነው የምፈልገው። ደስ አለን፣ እንደዚህ የሚል ሰው ስለ ዕቃው ገብቶታል። ከቀለሃዎቹ ጥቂቶቹ አንገታቸው ሰፋ ያለ ነበር፣ ጫፏ ልቅ አለችባቸው፣ ለነሱ ብቻ ጋሼ እያጉረመረመ ኢፖክሲ የሚባለውን ሙጫ ፈቀደ። ሌሎቹ በሙሉ በፕሬስ ገቡ። ሲያልቁ በጣም አምረው ነበር፣ እዚህ ጋ ትሕትና አያስፈልግም።

ሽያጭ የምትሠራው ልጅ ደግሞ አንድ ሐሳብ አመጣች። ላከር ስለሌላቸው ይደበዝዛሉ፣ ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ማወልወያ ጨርቅ እናድርግላቸው፣ የፈለገ ሰው ያብስበት። ጥሩ ሐሳብ ነው አልን። ጨርቆቹን የናስ ማጽጃ ፈሳሽ አርከፍክፋባቸው አጣጥፋ ከእስክሪብቶው ጎን አስቀመጠች፣ ሳጥኑ ክዳኑ ግጥም የሚል ዓይነት ነው፣ ውስጡ ስፖንጅ። ፈሳሹ መሃል ላይ ስላለቀ የመጨረሻዎቹ ሳጥኖች ያለ ጨርቅ ተዘጉ። ያኔ ማንም ልብ አላለውም።

ወር ሳይሞላ እኚህ አባት ደወሉ። እስክሪብቶዎቹ ተሰንጥቀዋል! ጋሼ ወድቀው ይሆናል አላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ምን አሉ፣ እኔ እኮ ገና ልሰጥ ሳጥኑን ስከፍተው ነው ያየሁት፣ ማንም አልነካውም። አመጧቸው። አንገቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለች ቀጭን ስንጥቅ፣ አንዳንዱ ሁለት ቦታ። ጫፏ ተላቃ ትወዛወዛለች።

ያው ሁሉም ወደኔ ዞረ። ፕሬሱ ላይ ያለሁት እኔ፣ የተሰነጠቀው እኔ ያስገባሁበት ቦታ። አብዝተህ ተጭነሃል አለኝ ጋሼ። ጋሼ፣ አንተ ባወጣኸው ልክ ነው ያስገባሁት፣ ስገጥማቸው ቢሰነጠቁ ኖሮ ያኔ አናይም ነበር ወይ? አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፣ ግን ፊቱ አልፈታም። ልጁ፣ ተለማማጁ ማለቴ ነው፣ ቀለሃው አርጅቶ ነው የሚል ነገር አመጣ። ሽያጭ ያለችው ደግሞ ገንዘብ እንመልስላቸው በቃ ነው የምትለው። እንደዚህ እየተባባልን ሥራ ቆመ።

ነገሩ የተፈታው የተሰነጠቁትን ትቼ ያልተሰነጠቁትን ማየት ስጀምር ነው። እሳቸው ሁሉንም ከነሳጥኑ አምጥተውልን ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው፣ እስክሪብቶውን ብቻ ነቅለው ቢያመጡት ኖሮ እስከ ዛሬም ባላወቅነው። ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። ጨርቅ የሌለበት ሳጥን ውስጥ የነበረ አንድም የተሰነጠቀ የለም፣ በፕሬስ የገቡ ሆነው ማለት ነው፣ በኔው እጅ፣ በዛው ልክ። ስለዚህ ጨርቁ ነው አለ ልጁ ወዲያው። ግን ጨርቅ ካለባቸው ውስጥም በኢፖክሲ የተለጠፉት ደህና ናቸው። የተሰነጠቀው ሁለቱም ያለበት ብቻ ነው፣ የተወጠረ አንገትና እርጥብ ጨርቅ አንድ ላይ። ስንጥቁን በማጉያ ስታየው ደግሞ ዳር ዳሩ ሰማያዊ ቢጤ ሆኗል።

ጋሼ የማጽጃውን ጠርሙስ አንስቶ ጀርባውን ማንበብ ጀመረ። አሞኒያ። ዝም ብሎ ቆየና ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ እሱ የሚያውቀው ነገር ሲመጣበት ነው የሚቀመጠው። ከዛ ይሄን ነገረን።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ ያስቀመጡት ጥይት ማንም ሳይነካው ቀለሃው እየተሰነጠቀ ያስቸግራቸው ነበር፣ በተለይ በዝናቡ ወቅት። ያስቀመጡት ፈረስ በረት አካባቢ ነው፣ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ደግሞ ከእርጥበቱ ጋር ቀለሃውን ያገኘዋል። ናሱ ሲሠራ ተጎትቶ ተጨምቆ ስለሆነ በውስጡ የታፈነ ውጥረት ነበረው። አሞኒያውና ውጥረቱ ሲገናኙ ናሱ በቅንጣቶቹ መሃል እየተላቀቀ ይከፈታል። ለምን እንደሆነ በደንብ ያስረዱት ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው፣ በ1921 እ.ኤ.አ.። የቀለሃ ናስ 70 በመቶ መዳብ 30 በመቶ ዚንክ ነው፣ ዚንኩ እንዲህ ሲበዛ ደግሞ ለዚህ በሽታ ይብስ ይጋለጣል። መፍትሔውም ያኔ ነው የተገኘው፣ ናሱን ሳያለሰልሱ መጠነኛ ሙቀት ሰጥቶ ውጥረቱን ማውጣት።

እና እኛ ምን አደረግን? ቀለሃ ወስደን ያንን ግማሽ ሚሊ የማይደርስ ስስ አንገቱን ከውስጥ ወጠርነው፣ አሞኒያ የነከረ ጨርቅ አጠገቡ አስተኛን፣ ክዳኑን ግጥም አድርገን ዘጋን። የፈረስ በረት በሳጥን ሠርተን ሸጥን ማለት ነው።

ልጁ አላመነም፣ ባያምንም ጥሩ ነው፣ ጋሼ ሁሌ የሚለው ትክክል ነው ብሎ ከተቀበለ ሥራ አይማርም። ክዳን ያለው ማሰሮ አመጣና ሁለት የተረፉ ቀለሃዎች ከተተበት፣ አንዱ ጫፏ በፕሬስ የገባችበት አንዱ በኢፖክሲ የተለጠፈችበት፣ ከነሱ ጋር ያንኑ ጨርቅ። ሌላ በፕሬስ የገባ ደግሞ ውጭ መደርደሪያ ላይ ተወው። ጠዋት ጠዋት ከኛ ቀድሞ እየመጣ ማሰሮውን ያይ ነበር። የተሰነጠቀው ማሰሮ ውስጥ የነበረው በፕሬስ የገባው ነው፣ እሱ ብቻ። ያን ቀን ጋሼ እኔን ይቅርታ አልጠየቀኝም ግን ሻዩን ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ፣ ለሱ ይሄ ብዙ ነው።

አባትየውን ምን እናድርጋቸው ነበር ከባዱ። ቀለሃዎቹ የራሳቸው ናቸው፣ በሌላ ልንተካቸው አንችልም፣ ለኛ ናስ ነው ለሳቸው ግን እያንዳንዱ የት እንደተተኮሰ ያውቁታል። ስለዚህ የተሰነጠቀውን አንገት ስንጥቁ እስካለቀበት ድረስ ቆርጠን ጣልነው፣ ጋሼ ደግሞ ቶርኖ ላይ ረዘም ያለች አዲስ ጫፍ አወጣ፣ የተቆረጠውን ቦታ የምትሸፍን፣ ቀዳዳው ውስጥ ሳትወጥር ዝም ብላ የምትገባ፣ በኢፖክሲ። ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጌ ነው የለጠፍኩት፣ ለስላሳ ናስ ላይ ኢፖክሲ በደንብ አይዝም። አንዱ ብቻ ስንጥቁ እስከ ትከሻው፣ አንገቱ አልቆ ሰፊው ሆድ እስከሚጀምርበት ማለት ነው፣ ወርዶ ስለነበር ምንም ማድረግ አልተቻለም፣ እሱን እንዳለ መለስንላቸው። እውነቱን ሁሉ ነገርናቸው፣ ጨርቁንም አሞኒያውንም። ሰምተው ሲጨርሱ ቤቴ ያለውም ማጽጃ እንደዛ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፣ ጽሑፉን ያንብቡት፣ አሞኒያ ካለበት ናስ አያስነኩት አልናቸው።

አሁን እጥበቱ በሲትሪክ አሲድ ነው፣ ለአጭር ጊዜ ተነክሮ በብዙ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል። ሳጥን ውስጥ ጨርቅ አለ፣ ደረቅ። ሽያጭ ያለችው ልጅ አዲስ ፈሳሽ በመጣ ቁጥር ጠርሙሱን ይዛ እየመጣች ይሄስ ይሆናል ትለኛለች፣ ከሁላችን በላይ ጽሑፍ የምታነበው አሁን እሷ ናት።

ያልተስማማነው እኔና ጋሼ ነን። እኔ የምለው ጫፏ ሁልጊዜ ልቅ ብላ በኢፖክሲ ትግባ፣ ምክንያቱም እኛ አሞኒያ ብንተው ገዢው ቤቱ ወስዶ በመስታወት ማጽጃ ሊያብሰው ይችላል፣ ከኋላው እየሄድክ አትጠብቀውም። እሱ ደግሞ ሙጫ ሲያረጅ ይለቃል፣ በፕሬስ አስገብተን እንጨቱ ሳይገጠም 250 ዲግሪ አካባቢ ምድጃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት እናቆየው፣ ውጥረቱ ይወጣል ጫፏም አትላቀቅም ይላል። እንዴት አትላቀቅም፣ ውጥረቱ ከወጣ ምን ሊይዛት ነው ስለው ሁሉም አይወጣም ይለኛል፣ ሁሉም ካልወጣ ታዲያ ሊሰነጠቅ ነዋ ስለው ይቆጣል። ለጊዜው ግማሹ በሱ መንገድ ግማሹ በኔ እየወጣ ነው፣ የኔዎቹ ቂጣቸው ላይ እንጨቱ ስር ትንሽ ነጥብ መትቼባቸዋለሁ፣ የሚመለስ ካለ የማን እንደሆነ ይታያል።