እንኳን አደረሳችሁ፤ ግፊታችሁን ተለክታችኋል?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ድምፃዊ ኢዮብ መኮንን ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የቡሄ ዋዜማ ነው። እንቁጣጣሽ ሊደርስ አንድ ወር አልቀረውም ነበር። ዕድሜው 37። እዚሁ አዲስ አበባ በድንገት ወደቀ፣ ስትሮክ ነው ተባለ፣ ለሕክምና ናይሮቢ ተወሰደ፣ በዚያው ቀረ። ቀብሩ አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። ሁለተኛ አልበሙ ለአድማጭ የደረሰው እሱ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ነው።

ወጣት ድምፃዊ እንዲህ ሲቀጠፍ የምንለው ያው ነው፤ «ይቺ ዓለም ከንቱ»፣ «ነገ የኛ አይደለችም»፤ ሻማ ለጥፈን ወደ ጉዳያችን። ከንቱስ ናት። ግን ሁሉንም ነገር በፈጣሪ ላይ ጥሎ መቀመጥ ስንፍናም አለበት። በስትሮክ ነገር የሰው ድርሻ ትንሽ አይደለም፤ ዘንድሮ የበዓል መልእክቴ ስለዚሁ ድርሻ ነው።

ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። የሽማግሌ በሽታ ስለሚመስለን የሠላሳ ዓመት ልጅ አፉ ሲጣመም «ብርድ መታው»፣ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ወጣቱንም ሳይታወቅ የኖረ ደም ግፊት ይጥለዋል። በልጅነት በቅጡ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የጎዳው የልብ ቫልቭም እንዲሁ፤ ደም እዚያ ይረጋና ወደ አንጎል ይሄዳል። (ትምህርት ሲከፈት ልጃችሁ ጉሮሮዬን ካለና ካተኮሰው ሐኪም ይየው፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ተሻለው ብላችሁ አታቋርጡ።)

በዓል ሰው ይሰበስባልና የሰው ፊት እዩ። ፈገግ ሲል አንድ ወገኑ ከቀረ፣ ሁለት እጁን አንሥቶ አንዱ ከወረደበት፣ «እንኳን አደረሳችሁ» በል ስትሉት ምላሱ ከተሳሰረ፣ ሦስቱ እስኪሟላ አትጠብቁ፤ አንዱ ይበቃል። ወዲያው ሰዓት ያዙ። ደህና ሆኖ የታየው መጨረሻ መቼ ነው? የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በ4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ውስጥ ነው። ከእንቅልፍ ሲነሣ የታየበት ከሆነ የሚቆጠረው ከተኛበት ጀምሮ ነው። መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ቢሆንም ቶሎ የደረሰ ሰው ግፊቱም አተነፋፈሱም በጊዜ ይያዝለታል።

ውኃም ሆነ ጠበል በአፉ አይግባ፤ መዋጥ ላቃተው ሰው ወደ ሳንባው ነው የሚወርደው። ጠበሉን ግንባሩ ላይ እርጩለት። አስፒሪንም አትስጡ፤ የፈነዳ ቧንቧ ከሆነ ታባብሱበታላችሁ፣ ይህን ለመለየት ደግሞ ሲቲ ስካን (የጭንቅላትን ውስጥ የሚያነሣ ማሽን) ያስፈልጋል። በጎኑ አስተኙትና 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ወይም 939 የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ደውሉ። በዋዜማው የፒያሳ መንገድ ተዘጋግቶ አምቡላንሱ ከዘገየ ራይድ ጥሩ። አንድ ሰው ግን ቀድሞ ወደ ሆስፒታሉ ይደውልና «ሲቲ ስካኑ አሁን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ። ሰዓቱ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ሰፈር ክሊኒክ ግሉኮስ ይሰቀላል፣ ቀጥሎ ሪፈር ይጻፋል፣ እዚያ ሲደርሱ ማሽኑ ተበላሽቷል ይባላል።

ግፊት ደግሞ ሕመም ስለሌለው ሳይለኩት አይታወቅም። ስትለኩ ቡና፣ ሲጋራና ጫት ከግማሽ ሰዓት በፊት ይቅሩ፤ ሽንት ካለ ይውረድ። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግር ሳታነባብሩ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። የመለኪያው የክንድ መጠቅለያ በባዶ ክንድ ላይ፣ ክንዱም ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይሁን። ክንድ ተንጠልጥሎ ወይም ወሬ እየተወራ የተለካ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ለወፍራም ክንድ የጠበበ መጠቅለያም እንደዚያው። አንድ ደቂቃ አሳርፋችሁ ድገሙት። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በሌላም ቀን ከተደገመ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ ይባላል። እኛ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም ገብቶበታል፤ ወጡ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ዶሮውን ብሉ፤ ብቻ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ጨው ይቅርበት።

ክኒን የጀመረ ሰው ነጭ ሽንኩርት በላሁ ብሎ አይተካው፤ «ዛሬ ጠጅ እጠጣለሁ» ብሎም አይዝለለው። ግፊቱ ወርዶ የቆየው በክኒኑ ነውና ሲቋረጥ ተመልሶ ይወጣል። ዛሬ የእናንተንም የእማማንም የአባባንም ክኒን ቁጠሩ፤ መስከረም 5 የማያደርስ ከሆነ ጳጉሜን ሳያልቅ ግዙ፣ በበዓሉ ቀን ብዙ ፋርማሲ ዝግ ነው።

መልካም አዲስ ዓመት።