ቫሌንሲያ ለምትሄዱ፦ የሳይንስ ከተማዋን በአንድ ቀን አትጨርሷት

የስፔኗን ቫሌንሲያ ማራቶን በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። ሯጮቹ ውሃ ላይ በተዘረጋ ሰማያዊ መንገድ ገብተው ክሩን ይበጥሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 አማኔ በሪሶ በ2:14:58፣ በ2023 ደግሞ ሲሳይ ለማ በ2:01:48 ያሸነፉት እዚያ ነው። ከኋላ የሚታዩት ነጫጭ ሕንፃዎች የኪነ ጥበብና የሳይንስ ከተማ ይባላሉ።

ግቢው ያረፈው ቱሪያ ወንዝ ይሄድበት በነበረው ቦይ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ጎርፍ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ ለወንዙ በደቡብ በኩል አዲስ መውረጃ ተቆፈረለት፤ አሮጌው መውረጃ አትክልት ስፍራ ሆነ። ሳንቲያጎ ካላትራቫና ፌሊክስ ካንዴላ የነደፏቸው ሕንፃዎች በታችኛው ጫፍ ተሰልፈዋል። ስለዚህ ከመሃል ከተማ በእግር የሚመጣ ሰው አይጠፋበትም፦ አትክልቱን ይዞ ወደ ባሕሩ መውረድ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ለሚመጣ ሜትሮ 3 ወይም 5 እስከ ሻቲቫ፣ ከዚያ አጠገቡ ካለው የአላካንት ጣቢያ 10 ቁጥር ሜትሮ።

ትኬት የሚጠይቁት ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኦሴአኖግራፊክ (የባሕር እንስሳቱ)፣ የሳይንስ ሙዚየሙና ኤሚስፌሪክ የሚባለው ሲኒማ። ሦስቱንም ለሚያይ ጥምር ትኬት ይሻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም በአንድ ቀን ሲያጭቅ ነው። ኦሴአኖግራፊክ ብቻውን ከ4 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ 42 ሚሊዮን ሊትር ውሃ የያዘ ስለሆነ፣ ከፊሉም ከመሬት በታች ስለሆነ ደረጃ መውጣት መውረዱ ራሱ ያደክማል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ግቡና በቀጥታ ወደ ሻርኮቹ መተላለፊያ ሂዱ፤ ረፋዱ ላይ ጋሪ የሚገፉ ቤተሰቦች ይሞሉታል። ሙዚየሙንና ሲኒማውን ለሁለተኛው ቀን አቆዩ።

ሲኒማው ሰዓቱ የተቆረጠ ነው። ትኬቱ ላይ 16:00 ቢል በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ማለት ነው፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው ፊልሙን አጥቶ ይመለሳል። ሸራው 900 ካሬ ሜትር ሆኖ ከራስ በላይ ስለሚጎብጥ ከፊት መቀመጥ አንገት ያሳምማል፤ ከኋላ መሃሉን ያዙ። ልጅ ካዞረው ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆይ፣ ይለቀዋል።

ሙዚየሙ ውስጥ መንካት አይከለከልም፤ እንዲያውም አለመንካት ነው ክልክሉ። ሰው እያየው የሚያልፈው ግን 34 ሜትር ገመድ ላይ የተንጠለጠለው የፉኮ ፔንዱለም ነው። ዝም ብሎ የሚወዛወዝ ኳስ ይመስላል፤ ከምድር መዞር የተነሣ ግን የሚወዛወዝበት መስመር በሰዓት ወደ 9.5 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። ስትገቡ መስመሩን ምልክት አድርጉበት፣ ስትወጡ ተመልከቱት። ፍጥነቱ ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ይጨምራል፦ ቫሌንሲያ ላይ ሙሉ ዙር 38 ሰዓት ያህል ሲፈጅ አዲስ አበባ ላይ ቢሰቀል ከ6 ቀን በላይ ይፈልግ ነበር።

በነፃ የሚታየው ብዙ ነው። የውሃ ገንዳዎቹ ዳር፣ ኡምብራክሌ የተባለው ቅስት ያለው አትክልት፣ የሙዚየሙ ምድር ቤት አያስከፍሉም። ገንዘብ የጎደለበት ሰው በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ያሳልፋል፣ እኔ ብሆን አላዝንም። ኤሚስፌሪክ የተሠራው በዓይን አምሳል ነው፤ ግማሹ ሕንፃ፣ ግማሹ ውሃ ላይ የሚታየው ነጸብራቁ ነው። ስለዚህ ነፋስ ካለ ዓይኑ አይሞላም። መብራት ሲበራ፣ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር፣ ነፋሱ ጋብ ሲል አንሡት። በቀትር ግን ነጩ ሴራሚክና ውሃው ፀሐይን ይመልሳሉ፣ ጥላም የለም፤ በእነሱ በጋ (በእኛ ክረምት) ኮፍያና ውሃ ሳይዙ መግባት ስህተት ነው።

ረቡዕ ወይም ዓርብ ለገጠማችሁ ጿሚዎች፦ ኦርቻታ የተባለው የከተማዋ መጠጥ የነብር ለውዝ ከሚባል ትንሽ የሥር ፍሬ፣ ከውሃና ከስኳር ስለሚሠራ ወተት መስሎ ጾም ነው። አብሮት የሚመጣው ፋርቶን የተባለው ዳቦ ግን እንቁላልና ወተት አለበት፤ እሱን ተዉት።